የሉዊስ ቤት፦ ከአልስተር ጭሰኝነት እስከ ኦሃዮ ወንዝ

በ1609 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ንጉሥ ጄምስ አልስተር የሚባለውን የሰሜን አየርላንድ ምድር ከነባሮቹ ካቶሊካውያን ባላባቶች ነጥቆ ለታማኞቹ ማከፋፈል በጀመረ ጊዜ፣ ከስኮትላንድ ቆላ ብዙ ሺህ ሰው ባሕሩን ተሻግሮ እዚያ ሰፈረ። እነዚህ ሰፋሪዎች በሃይማኖት ፕሬስቢቴሪያን፣ በኑሮ ገበሬና ሸማኔ ነበሩ፤ ምድሪቱን በሰይፍና በእርፍ ቢያቀኗትም ቅሉ፣ አብዛኞቹ ዘመኑ በተወሰነ የኪራይ ውል የሚያርሱ ስለሆኑ ርስቱ የጌታው እንጂ የነርሱ አልነበረም፤ ውሉ ባለቀ ቍጥርም ጌታው ኪራዩን እንደ ወደደ ከፍ ያደርገው ነበር። በዚህም ላይ በ1704 የወጣው ሕግ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዱስ ቍርባን የማይቀበለውን ሁሉ ከመንግሥት ሹመት ስላራቀው፣ በገዛ መንደራቸው ባዕዳን ሆነው ተቀመጡ። ከ1718 ጀምሮ ወደ አሜሪካ መሰደድ ያዙ፤ በ1728 እና በ1729 አዝመራው በከፋ ጊዜማ ወደብ የደረሰ መርከብ ሁሉ በስደተኛ ይሞላ ነበር።

በዶኔጎል አውራጃ በ1678 የተወለደው ጆን ሉዊስ ከነዚህ ሰዎች ወገን ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አባቱ አንድሩ ሉዊስ፣ እናቱም ሜሪ ካልሁን እንደሆኑ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐረገ ትውልድ በሚመለከት ግን የልጅ ልጆቹ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ አንዳንዶቹ ስለ እምነታቸው ከፈረንሳይ ከተሰደዱት ሁግኖቶች ያወርዱታል፣ ሌሎቹም ከዌልስ መኳንንት ጋር ያዛምዱታል። እኔ ሁለቱንም ለማመን እቸገራለሁ፤ ሀብት ያገኘ ቤተ ዘመድ ሁሉ በሦስተኛው ትውልድ ላይ የጠፋ መስፍን አያት መፈለግ ልማዱ ነውና። በቨርጂኒያ ዋርነር ሆል በሚባለው ርስት የተቀመጡት ሌሎች ሉዊሶችም አሉ፤ አሜሪካን እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ አቋርጦ የተመለሰው ሜሪዌዘር ሉዊስ የዚያኛው ቤት ልጅ ሲሆን፣ ስም ስለገጠመ ብቻ ከዶኔጎሉ ስደተኛ ጋር ማዛመድ ትልቅ ስሕተት ነው።

ጆን ሉዊስ ማርጋሬት ሊንን አግብቶ ልጆች ከወለደ በኋላ አገሩን የለቀቀበት ምክንያት በቤተሰቡ ዘንድ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። የመሬቱ ጌታ ውሉን አፍርሶ ሊያስለቅቀው በፈለገ ጊዜ ሉዊስ እንቢ ስላለ፣ ጌታው አሽከሮቹን አስታጥቆ ቤቱን ከበበ፤ በደጅ ሆነው በተኰሱም ጊዜ ታሞ በአልጋ ላይ ተኝቶ የነበረው ወንድሙ ሞተ፣ የማርጋሬትም እጅ ቈሰለ፤ ያን ጊዜ ጆን ሉዊስ ዱላውን ይዞ ወጥቶ ጌታውን ገደለው። ታሪኩ በአፈ ታሪክ ወግ ያጌጠ ለመሆኑ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን በውስጡ የተነገረው የጭሰኛና የባለርስት ጠብ ያን ዘመን በሚገባ ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም ይህን ነፍስ ግድያ እንደ ነውር ሳይሰውር እንደ ክብር አድርጎ በመቃብሩ ላይ አስቀርጾታል።

ስደተኛው በፔንሲልቬንያ በኩል ገብቶ በ1732 ከብሉ ሪጅ ተራሮች በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው የሼናንዶዋ ሸለቆ ወረደ፤ ዕድሜው 54 ነበረ። ያን ጊዜ የቨርጂኒያ ገዢ የነበረው ዊሊያም ጉች ከባሕሩ ዳር ያሉትን የትምባሆ ርስቶች ከምዕራብ ከሚመጣ ጦር የሚጋርድለት ሕዝብ ይሻ ነበርና፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን የማይቀበሉ ፕሮቴስታንቶች ከተራራው ማዶ እንዲሰፍሩ ፈቀደ፤ በ1738 የፊላዴልፊያ ፕሬስቢቴሪያን ሲኖዶስ ስለ እምነት ነጻነት በጻፈለት ጊዜም መልካም መልስ ሰጠ። ስለዚህ በአልስተር ሳሉ ለሹመት አይበቁም የተባሉት ሰዎች በቨርጂኒያ የቅጥር እሾህ እንዲሆኑ ተፈለጉ። የሸለቆው ምድር ባዶ አልነበረም፤ በሰሜን የነበሩት የኢሮኳ ነገዶች ወደ ደቡብ ለመዝመት የሚመላለሱበት ጥንታዊ የጦር መንገድ በመካከሉ ያልፍ ነበር፤ ሾኒዎችና ሌሎች ነገዶችም ያድኑበት ነበር።

ሉዊስ ሲሰፍር ደብዳቤም ፈቃድም አልነበረውም። በ1736 ግን መንግሥት በዚያ ሸለቆ ውስጥ 118,491 ኤከር፣ በእኛ አገር ልክ ወደ 1,200 ጋሻ የሚሆን መሬት፣ ለዊሊያም ቤቨርሊና ለባልደረቦቹ በሰጠ ጊዜ የሉዊስም ጎጆ በዚያው ወሰን ውስጥ ተገኘ፤ እርሱም ከቤቨርሊ ጋር ሳይጣላ ተስማምቶ ከ2,000 ኤከር በላይ፣ ማለት ከ20 ጋሻ የሚበልጥ፣ ገዝቶ ርስቱን በደብዳቤ አጸና። ቤለፎንት ያለውን የድንጋይ ቤት የሠራው በዚህ ርስት ላይ ነው። አየርላንድ ውስጥ በጌታ እጅ ከቤቱ ሊወጣ የነበረው ሰው በሽምግልናው ጌታ ሆነ። ቀይ አበባ የሚያበቅለውን የመኖ ሣር ዘር ወደ ሸለቆው ያመጣ እርሱ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ነባሮቹ ሕዝቦችም አበባውን የገዛ ወገኖቻቸው ደም እንዳቀላው ይናገሩ ነበር ይባላል፤ ነጮቹ ራሳቸው ይህን ወግ ጠብቀው ለልጅ ልጅ ማስተላለፋቸው ያስገርማል።

የኦገስታ አውራጃ በ1738 በሕግ ተቋቁሞ በ1745 ፍርድ ቤቱ ሥራ በጀመረ ጊዜ ጆን ሉዊስ ከመጀመሪያዎቹ ዳኞች ተቈጠረ፤ በጭፍራውም የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጠው። አንባቢ ይህን ጭፍራ ደመወዝ እንደሚበላ የቤተ መንግሥት ሠራዊት አድርጎ እንዳያስበው፤ ነጻ የሆነ ጐልማሳ ወንድ ሁሉ የገዛ ጠመንጃውን ይዞ በአካባቢው ሻምበል ሥር የሚሰለፍበት የአገር ዘብ ነው፤ አለቆቹም የሚሾሙት መሬትና ዳኝነት ካላቸው ሰዎች መካከል ነበረ። መሬት የሚቀይሰው፣ በመሬት ክርክር የሚፈርደው፣ መሬቱ በተደፈረ ጊዜ ጦር የሚያዘምተው ያው አንድ ቤት ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ታሪክም ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ከዚሁ የወጣ ነው።

ሹመት ባለበት ምቀኝነት አይታጣምና፣ ጄምስ ፓተን የሚባል ሌላ የአልስተር ሰው፣ የመርከብ አለቃ የነበረና ስደተኞችን ወደ ሸለቆው ያመጣ፣ የጆን ሉዊስ ባላንጣ ሆኖ ተነሣ። በ1740 ለሸለቆው ምእመናን እረኛ ሆኖ የመጣው ቄስ ጆን ክሬግ ሁለቱ ኮሎኔሎች ማን በሹመት ይበልጣል በማለት ሲታገሉ መካከላቸው ገብቶ እንደ ተቸገረ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መዝገብ ውስጥ አትቶታል። ጠቡ የሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሕዝቡንም ልብ ለሁለት ከፈለ።

ከልጆቹ መካከል በ1718 የተወለደው ቶማስ ዓይኑ ደካማ ስለነበረ ለጦር ሜዳ አልሆነም፤ ነገር ግን መጻሕፍት ወዳድና የተማረ ሰው ሆኖ የኦገስታ አውራጃ ቀያሽ ሆነ። ዓይኑ የደከመ ሰው ቀያሽ መሆኑ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የስታንተን ከተማን ቦታ የቀየሰው እርሱ ነው። በ1746 ደግሞ ከፒተር ጄፈርሰን፣ ማለት ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከቶማስ ጄፈርሰን አባት ጋር፣ የሎርድ ፌርፋክስን ከ5 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ ርስት ወሰን ለመለየት ተላከ። መሥመሩ ከራፒዳን ወንዝ ምንጭ ተነሥቶ እስከ ፖቶማክ ወንዝ ሰሜናዊ ቅርንጫፍ ምንጭ ድረስ 76 ማይል ሲሆን፣ ሰንሰለታቸውን በቀጥታ መዘርጋት ግዴታቸው ስለነበረ ገደሉን ዞሮ ማለፍ፣ ረግረጉን መሸሽ አይቻላቸውም ነበር። ቶማስ በዚያ ጕዞ በጻፈው የዕለት ማስታወሻ ፈረሶቹ ከቋጥኝ ላይ እየተንከባለሉ እንደ ወደቁ፣ ሰዎቹ በጥቅጥቅ ቍጥቋጦ ውስጥ እየተጐተቱ እንደ ሄዱ ይናገራል፤ አንዱን ጥቁር ወንዝም የግሪክ ሰዎች ሙታን ይሻገሩታል በሚሉት ወንዝ ስም ስቲክስ ብሎ ጠራው። በምድረ በዳ መካከል በረኀብና በጭቃ ውስጥ ሆኖ የግሪክን ተረት የሚያስታውስ ቀያሽ ከዚህ ቤት መገኘቱን ልብ ይሏል።

ቶማስ በብዕርና በሰንሰለት ሲሠራ በ1720 በዶኔጎል የተወለደው አንድሩ ሁለቱን ሥራ አጣምሮ ያዘ፤ ቀያሽም ወታደርም ሆነ። በ1745 አባቱ ጆን ያለበት ማኅበር ከአሌጌኒ ተራራ ማዶ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር 100,000 ኤከር ተፈቅዶለት ነበርና፣ አንድሩ በ1751 መሬቱን ሊቀይስ በሄደ ጊዜ ጃኮብ ማርሊንና ስቲቨን ስዌል የሚባሉ ሁለት ብቸኛ ነጮችን አገኘ። ማርሊን በጎጆው ውስጥ ሲኖር ስዌል አጠገቡ ውስጡ ክፍት በሆነ በትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ተጠግቶ ነበር። ሰው በሌለበት ዱር ለምን ተለያያችሁ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ በሃይማኖት ነገር ስላልተስማማን ነው አሉት፤ ከተለያዩ ወዲህ ግን ፍቅራቸው እንደ ጠና፣ በየማለዳውም አንዱ ከጎጆው ሌላው ከዛፉ ወጥተው እጅ እየተነሣሡ እንደሚሰነብቱ ነገሩት። የስታንተን ሁለት ኮሎኔሎች ይህን ጥበብ ቢያውቁ ቄስ ክሬግ ባረፈ ነበር።

ነባሮቹ ሕዝቦች ይህን ሁሉ ዝም ብለው አልተመለከቱም። በዲሴምበር 1742 ከኢሮኳ ተዋጊዎች ጋር በተደረገ ግጭት ሻምበል ጆን ማክዶዌል ከብዙ ጓዶቹ ጋር ሞቶ ነበር፤ በ1744 በላንካስተር በተደረገው ውል ቨርጂኒያ 200 ፓውንድ ወርቅና 200 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ከፍላ ኢሮኳዎቹ በሸለቆው ላይ ያላቸውን መብት እንዲለቁ አድርጋ ነበር። ውሉ ምን ያህል ምድር እንደሚያካትት ግን ሁለቱ ወገኖች የተረዱት በየራሳቸው ነበረ፤ ቨርጂኒያ እስከ ኦሃዮና ከዚያም ወዲያ ነው አለች። ፈረንሳዮችም ኦሃዮ የእኛ ነው ባሉ ጊዜ ጦርነት መጣ። ገዢው ሮበርት ዲንዊዲ በ1754 በፈቃዱ ለሚዘምት ወታደር ሁሉ የሚከፋፈል 200,000 ኤከር ተስፋ ሰጠ፤ አንድሩ ሉዊስም ሻምበል ሆኖ በወጣቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ሥር ዘመተ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፎርት ኔሴሲቲ በተባለው ምሽግ ከመሸነፍና ከመማረክ ውርደት ተካፋይ ሆነ።

በ1755 በጁላይ ወር የእንግሊዙ የጄነራል ብራዶክ ጦር ተደምስሶ ዳር አገሩ ሁሉ ሲራቈት፣ ጄምስ ፓተን በድሬፐርስ ሜዶ ሾኒዎች ገደሉት፤ የሽማግሌዎቹም ጠብ በዚያ አበቃ። በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሻለቃ አንድሩ ሉዊስ የቼሮኪ ባልንጀሮች ያሉበትን ከ300 ሰው የሚበልጥ ጦር ይዞ በሾኒዎቹ ከተማ ላይ ዘመተ። ወንዙ ሞልቶ ታንኳዎቹ ተገለበጡ፣ ስንቁ አለቀ፣ የሚታደንም እንስሳ ጠፋ፤ ሰዎቹ የፈረሶቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። የዚህን ዘመቻ የዕለት ታሪክ የጻፈው የፓተን የእኅት ልጅ ዊሊያም ፕሬስተን ነው፤ የአባቱ ባላንጣ ወገን ለልጁ ምስክር መሆኑ ታሪኩን የበለጠ እንድናምነው ያደርገናል። ፕሬስተን እንደሚለው ጭፍሮቹ ጥለው ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ አንድሩ ሉዊስ ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቆመና እኔን ለመከተል የወደደ ወደዚህ ይምጣ አለ፤ አለቆቹ ሁሉና ከተራዎቹ ወታደሮች 20 ወይም 30 የሚሆኑት ብቻ ወደ እርሱ መጡ። የቀሩት ፊታቸውን ወደ አገራቸው መለሱ፤ ዘመቻውም ጠላት ሳያይ ፈረሰ። የአገር ዘብ ጠባይ እንዲህ ነበረ፤ ጐረቤት ጐረቤቱን ሊያዘው የሚችለው እሺ እስካለው ድረስ ነው።

በ1758 በሴፕቴምበር ወር ሻለቃ ግራንት የተባለው ስኮትላንዳዊ አለቃ ፎርት ዱኬን የሚባለውን የፈረንሳይ ምሽግ በችኰላ ሊይዝ ወጥቶ ሲሸነፍ፣ ጓዝ ጠባቂ ሆኖ በኋላ የቀረው አንድሩ የተኵሱን ድምፅ ሰምቶ ሊረዳው ገሠገሠና ከግራንት ጋር ተማረከ፤ ወደ ሞንትሪያልም ተወስዶ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆየ።

አባቱ ጆን ሉዊስ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1762 ሞተ። ዘግይቶ በቆመለት ድንጋይ ላይ የአየርላንዱን ጌታ የገደለ፣ ኦገስታን ያቀና፣ ለአሜሪካም አብዮት ጦርነት አምስት ወንዶች ልጆችን ያበረከተ ጀግና ተብሎ ተጽፎለታል። አጻጻፉ ያማረ ቢሆንም ቍጥሩ አይስማማም፤ ቶማስ በዓይኑ ምክንያት አልዘመተም፤ የመጨረሻው ልጅ ቻርልስም አብዮቱ ሳይጀመር ሞቷል፤ አምስተኛ ሆኖ የሚቈጠረው ሳሙኤል ደግሞ መኖሩ ራሱ በትውልድ ቈጣሪዎች ዘንድ ያከራክራል።

ከፈረንሳይ ጋር ሰላም በሆነ ማግሥት፣ በ1763፣ ንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅ ከአሌጌኒ ተራራ ማዶ ማንም እንዳይሰፍር ዐዋጅ አወጣ። የግሪንብራየርን መሬት ለቀየሰ ሰው ይህ ዐዋጅ የሀብቱን ተስፋ የሚያጠፋ ነበረ፤ ንጉሡን ከዳር አገር ሰዎች ልብ ማራቅ የጀመረውም ከሻይ ቀረጥ ይልቅ ይህ ነገር ይመስለኛል። በ1768 በፎርት ስታንዊክስ ከኢሮኳዎች ጋር ለተደረገው የመሬት ውል ቨርጂኒያ ከላከቻቸው ሁለት ወኪሎች አንዱ አንድሩ ሉዊስ ነበረ። ኢሮኳዎች በዚያ ውል ከኦሃዮ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር ሸጡ፤ በምድሩ ላይ የሚያድኑት ሾኒዎች ግን በሽያጩ አልተጠየቁም፣ ከዋጋውም አልተካፈሉም።

የዚህ ዕዳ በ1774 ተከፈለ። በአፕሪል ወር መጨረሻ ከነባሮቹ ሕዝቦች መሪዎች አንዱ የሆነውን የሎጋንን ዘመዶች ነጮች በግፍ ከገደሏቸው በኋላ ዳር አገሩ ተቃጠለ፤ የንጉሡ እንደራሴ ሎርድ ደንሞርም ጦር አዝምቶ እርሱ በሰሜን፣ አንድሩ ሉዊስ በደቡብ እንዲወርዱ አዘዘ። ዛሬ በስሙ ሉዊስበርግ በምትባለው ቦታ ጭፍራው ተሰብስቦ፣ በ1736 በቨርጂኒያ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ቻርልስ የኦገስታን ሰዎች ይዞ ቀደመ፤ መንገድ በሌለው ተራራ ከብቱን እየነዱ፣ ዱቄቱን በፈረስ እየጫኑ 160 ማይል ያህል ሄደው በኦክቶበር 6 ቀን የካናዋ ወንዝ ኦሃዮን ከሚገናኝበት፣ ፖይንት ፕሌዘንት ከሚባለው ምላስ ምድር ደረሱ።

ሆኮሌስክዋ፣ ነጮቹ ኮርንስቶክ የሚሉት የሾኒዎች አለቃ፣ ሁለቱ ጦሮች ሳይገናኙ አንዱን ለመምታት ቈርጦ በሌሊት ኦሃዮን ተሻገረ። በኦክቶበር 10 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሊያድኑ የወጡ ሁለት ወታደሮች ከሠራዊቱ ጋር ተላተሙና አንዱ ሞተ፣ ሌላው ሮጦ አስታወቀ። አንድሩ ሉዊስ ጠላቱ ብዙ ስላልመሰለው ቻርልስንና ዊሊያም ፍሌሚንግን መቶ አምሳ መቶ አምሳ ሰው ሰጥቶ ላካቸው። ተኵሱ እንደ ተጀመረ ቻርልስ ቈሰለ፤ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ ሰፈር በእግሩ ተመለሰ፤ በዚያው ቀን ሞተ። ፍሌሚንግም ክፉኛ ቈሰለ። ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ዛፍ እየተሸጋገሩ ተዋጉ፤ ወደ ማታ ጥቂት ሻምበሎች በጅረቱ ሥር ተሸሽገው ከኋላ በመጡ ጊዜ ኮርንስቶክ ሌላ ረዳት ጦር የመጣ መስሎት ወንዙን መልሶ ተሻገረ። ከ1,100 ያህል ቨርጂኒያውያን 75 የሚሆኑት ሞቱ፣ 140 ያህል ቈሰሉ። ከሞቱት መካከል የቶማስ ሉዊስ ልጅ የአጋታ ባል ጆን ፍሮግ ይገኝበታል። አንድሩ የወንድሙን ደም ለመበቀል ኦሃዮን ተሻግሮ ወደ ሾኒዎች ከተሞች ሲገሠግሥ ደንሞር አስቀድሞ ሰላም አድርጎ ስለነበረ አስቆመው፤ ሾኒዎችም ከወንዙ በስተ ደቡብ ማደናቸውን ለመተው ቃል ገቡ። በ1909 በቦታው ረጅም ሐውልት ሲቆም ይህ የአሜሪካ አብዮት የመጀመሪያ ውጊያ ነው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን በንጉሡ እንደራሴ ትእዛዝ ስለ መሬት የተደረገን ጦርነት በንጉሡ ላይ የተነሣ አመፅ ማለት ለማንም አይዋጥም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በማርች 1 ቀን 1776 በንጉሡ ላይ የተነሡት የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ኮንግረስ አንድሩ ሉዊስን ብርጋዴር ጄነራል ብሎ ሾመው፤ እርሱም በጁላይ ወር የቀድሞ አዛዡን ደንሞርን ከግዊን ደሴት በመድፍ አባረረው። በ1777 ሌሎች የሜጀር ጄነራልነት ማዕረግ ሲያገኙ እርሱ ቀረ፤ ዋሽንግተን እንዲታገሥ በደብዳቤ ቢለምነውም በአፕሪል ወር ሹመቱን መለሰ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 10 ቀን፣ ኮርንስቶክ በሰላም መጥቶ ታስሮ በነበረበት በፖይንት ፕሌዘንት ምሽግ ውስጥ፣ አንድ ጓደኛቸው የተገደለባቸው የቨርጂኒያ ጭፍሮች ከልጁ ከኤሊኒፕሲኮ ጋር ገደሉት፤ ከፖይንት ፕሌዘንት ነውሮች ሁሉ ይህ የከፋው ነው።

አንድሩ ሉዊስ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ በቤድፎርድ አውራጃ ታሞ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1781 ሞተ፤ የዮርክታውን ከበባ ሊጀመር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ቶማስ በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ በቨርጂኒያ በተሰበሰበው ጉባኤ ተቀምጦ በ1790 ዐረፈ፤ ሌላው ወንድማቸው ዊሊያም እስከ 1811 ኖረ። ለልጅ ልጆቻቸው የተረፈው መሬቱና ስሙ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን የሚያርሱላቸው በባርነት የተያዙ ጥቁሮችም በውርስ ተቈጥረዋል።

ባሏ በፖይንት ፕሌዘንት የሞተባት አጋታ በ1776 ጆን ስቱዋርትን አገባች። ስቱዋርት በዚያ ውጊያ ሻምበል ሆኖ የተዋጋ፣ ኮርንስቶክም ሲገደል በምሽጉ ውስጥ የነበረ፣ በኋላም የግሪንብራየር አውራጃ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። በጁላይ 15 ቀን 1798 አውራጃውን ያቀኑትን ሰዎች ነገር፣ ማርሊንና ስዌል በዛፉና በጎጆው እንዴት እንደ ኖሩ ሳይቀር፣ በአውራጃው የመጀመሪያ የርስት ውል መዝገብ ውስጥ ጽፎ አስቀመጠው። ስለ ሉዊስ ቤት ከተጻፈው ሁሉ፣ ከመቃብሩም ድንጋይ፣ ከትውልድ ቈጣሪዎቹም መጽሐፍ፣ ይህን የርስት መዝገብ ገጽ ማመን ይሻላል።